ተልባ ዘይት የቀባሁት የዋንዛ ጠረጴዛ ለምን አልደረቀም?

የዋንዛ ልጅ — ነሐሴ 3

ሰላም ለሁላችሁም። ከእናቴ የደረሰኝ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ የዋንዛ ጠረጴዛ አለኝ። የድሮው ቫርኒሽ ተሰነጣጥቆና ጠቁሮ ስለነበር ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አነሣሁት። ከሥሩ የወጣው እንጨት ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ፣ በመሐሉ ጠቆር ያሉ ጅማቶች የሚሄዱበት ሆኖ ስላገኘሁት እንደገና በሚያብለጨልጭ ነገር ልሸፍነው አልፈለግሁም። ዘይት ጠጥቶ በራሱ መልክ እንዲታይ አስቤ ከአንድ መጭመቂያ ቤት ንጹሕ የተልባ ዘይት ገዛሁና በብሩሽ ደኅና አድርጌ ቀባሁት። እንጨቱ የጠጣው ስለመሰለኝ በዚያው ዕለት ማታ ደገምኩት።

ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው፤ ጠረጴዛው ግን አሁንም ይጣበቃል። ትናንት ሳላስተውል ያስቀመጥኩበትን ጋዜጣ ሳነሣው ፊደላቱ ተገልብጠው እንጨቱ ላይ ቀርተዋል፤ መስታወት ብናቀርብለት ርእሱ ይነበባል። መዳፍ ሲያርፍበት ማር እንደነካ ይይዛል፣ አቧራውም እየተለጠፈበት ነው። ጎረቤቴ የኑግ ዘይት ቢሆን ኖሮ ይደርቅ እንደነበር ነግረውኛል። ጠረጴዛውን ማዳን ይቻል እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላስ በምን ዘይትና እንዴት ልቀባው እንደሚገባኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ባለመላጊያው — ነሐሴ 3

እህቴ፣ ጠረጴዛው አልተበላሸም፤ ይድናል። ከመልሱ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ከቀቡት በኋላ እንጨቱ ያልጠጣውን ትርፍ ዘይት በደረቅ ጨርቅ ጠርገው አንሥተውት ነበር?

የዋንዛ ልጅ — ነሐሴ 3

አልጠረግሁም። ቀስ ብሎ ይጠጣዋል ብዬ ተውኩት።

ባለመላጊያው — ነሐሴ 4

እንግዲያው ነገሩ ግልጽ ነው። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ወይም እንደ አኳራጅ (የቅባት ቀለም ማቅጠኛ) ተንኖ የሚደርቅ ነገር አይደለም። ከአየር ኦክስጅን እየወሰደና እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት የሚለወጥ ዘይት ነው። በወፍራሙ ሲቀባ አየር የሚያገኘው የላይኛው ገጽ ብቻ ቀድሞ ይረጋና እንደ ወተት ስልባቦት ቆዳ ያወጣል፤ ከሥሩ ያለው ግን አየር ስላጣ ለብዙ ሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። እርስዎ ደግሞ አንዱ ሳይረጋ ሌላ ደርበውበታል። በዚያ ላይ ከመጭመቂያ ቤት የሚገዛው ጥሬ ዘይት ነው፤ ጥሬው በስሱ ተቀብቶ በደንብ ቢጠረግ እንኳ ለመድረቅ ከብዙ ቀናት እስከ ሳምንታት ይፈልጋል። በዕቃ ሥራ የምንጠቀመው በቀለም መሸጫ ሱቆች «ቦይልድ» ተብሎ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ነው። ስሙ የተፈላ ቢልም ዛሬ ፍጥነቱ የሚመጣው ከማፍላት ሳይሆን እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረት ማድረቂያዎች ጥቂት ስለሚጨመሩበት ነው። እሱ በስሱ ከተቀባ በበጋ በማግስቱ ይደርቃል። በሐምሌ ቅዝቃዜና እርጥበት ግን ሁለት ቀን ቢፈልግ አያስደንቅም።

አሁን የሚያደርጉት ይህን ነው። መስኮቱን ይክፈቱ፤ በክፍሉ ውስጥ ከሰልም ሆነ ሌላ እሳት አይኑር። ንጹሕ የጆንያ ቁራጭ አኳራጅ አስነክተው፣ በአንድ ጊዜ የሁለት መዳፍ ያህል ስፋት ብቻ እየያዙ ይፈትጉ። የሚጣበቀው ሲላላ ሳይውል ሳያድር በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ካረጠቡ አኳራጁ ይተንና የላላው ዘይት ተመልሶ ይጣበቃል። አንድ ዙር ላይበቃ ይችላል። ሲጨርሱ እጅዎ ሳይያዝ የሚያልፍ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። እንጨቱ ውስጥ የገባውን ዘይት ለማውጣት አይድከሙ፤ እሱ የትም አይሄድም፣ ቀስ ብሎ በቦታው ይረጋል።

ያን ጊዜ ተመልሰው ይጻፉልኝ፤ አቀባቡን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ከሜሪላንድ ጋራዥ — ነሐሴ 4

የባለመላጊያው ምክር ትክክል ነው። ነገር ግን እህታችን ሥራውን ዛሬ ወይም ነገ ሊጀምሩት ስለሚችሉ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይዘገይ መነገር አለበት፤ እሱም ስለ መጥረጊያው ጨርቅ ነው። ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል። ጠረጴዛው ላይ በስሱ ሲሆን ሙቀቱ ወደ አየር ስለሚበተን አይታወቅም። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ሲቀመጥ ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በውስጡ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻም ክብሪት ያልነካው ጨርቅ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል።

ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ሦስት አሮጌ ካናቴራዎችን ከተጠቀምኩባቸው በኋላ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ጋራዡ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከሰዓታት በኋላ አንድ የተቃጠለ ቅባት የሚመስል ሽታ ሸተተኝና ከረጢቱን ሳነሣው እንደ ትኩስ እንጀራ እጄን ለበለበኝ። ወደ ውጭ ወርውሬ ስከፍተው የመሐለኛው ጨርቅ ጠቁሮ መጨስ ጀምሮ ነበር። የእኔስ ሽታና ጭስ ብቻ ሆኖ አለፈ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 በፊላደልፊያ ከተማ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው ግን በዚሁ ምክንያት ነበር፤ በ22ኛው ፎቅ የግድግዳ እንጨት ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች የተውት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተቀጣጥሎ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። እሳቱ የቆመው 30ኛው ፎቅ ላይ ውሃ በራሱ የሚረጭ መሣሪያ በመኖሩ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ጨርቅ እንደጨረሱ ወዲያውኑ ዘርግተው፣ ሳይደራረብ፣ ከቤት ውጭ በገመድ ወይም በአጥር ላይ ያስጡት። እንደ ካርቶን ደርቆ ሲገተር አደጋው አልፏል። ዝናብ ከሆነና ማስጫ ከሌለዎት ውሃ በሞላበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት። ጆንያውንም ጭምር።

ባለመላጊያው — ነሐሴ 4

ወንድሜ፣ ይህን ከእኔ በፊት ስላነሣኸው አመሰግናለሁ፤ መጀመሪያ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በእኛ ሥራ ቤት ጨርቅ ከእንጨት ፍቅፋቂና ዱቄት ጋር አንድ ላይ እየተጠረገ ጥግ ላይ ሲከመር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥቁር ሰሌዳ — ነሐሴ 5

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ አናጢ አይደለሁም፤ ስለዚህ ስለ ኑግ ብቻ ልናገር። ጎረቤትዎ የተናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ከተልባ ይሻላል ማለት አይቻልም። አንድ ዘይት ከኦክስጅን ጋር ለመቆላለፍ ያለውን አቅም ለመገመት የአዮዲን ቁጥር የሚባል መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ የመድረቅ ችሎታው ይጨምራል። የተልባ ዘይት ከ170 በላይ ነው፣ የኑግ ዘይት ወደ 130 ይጠጋል፣ በጀሪካን የሚሸጠው የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ 50 አካባቢ ነው። የሚረጋው ዘይት ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ስለሚመስል አንዳንድ ሰው የደረቀ ይመስለዋል፤ እሱ ግን እንደ ቅቤ ረግቶ እንጂ ደርቆ አይደለም፣ ሙቀት ሲያገኝ ተመልሶ ይፈስሳል። እንጨት ላይ ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥ አይደርቅም።

ኑግ በሁለቱ መካከል ነው። ይደርቃል፣ ነገር ግን ማድረቂያ ካልተጨመረበት ከተልባም የዘገየ ነው። ተልባን ፈጣን የሚያደርገው ሊኖሌኒክ አሲድ በኑግ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጎ ጎኑ ያ አሲድ በማነሱ ከጊዜ ብዛት እንደ ተልባ ወደ ቢጫነት የማይሄድ መሆኑ ነው። የሚጠራጠር ሰው በአንድ የመስኮት መስታወት ስባሪ ላይ ከሦስቱም ዘይቶች አንድ አንድ ጠብታ በጣቱ በስሱ አሽቶ፣ ብርሃንና አየር በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጦ በየዕለቱ በጣቱ ቢነካው ልዩነቱን በገዛ ዐይኑ ያያል። ተማሪዎቼ ይህን ሙከራ ይወዱታል።

ለጠረጴዛ ማድረቂያ ያለበትን ዘይት መጠቀም ተገቢ ነው። ምግብ በቀጥታ ለሚነካው ማማሰያና ገበታ ግን እኔ ብሆን ብረት ያልተጨመረበትን ጥሬውን የተልባ ዘይት በጣም በስሱ ቀብቼና ጠርጌ አንድ ወር እታገሣለሁ።

ርጭት ቤት — ነሐሴ 5

ይህን ሁሉ ልፋት ለምን እንደምትመርጡት አልገባኝም። ናይትሮ (በቲነር የሚቀጥን የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ) በመርጫ ሲነፋ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፣ በቀን ሦስት እጅ (ሦስት ዙር ቅብ) ይወጣለታል፣ ደንበኛውም ሲያብለጨልጭ ሲያይ ደስ ብሎት ይወስዳል። ዘይት ግን ትኩስ ጀበና አይችልም፣ ውሃ ያስገባል፣ በየዓመቱም ይደገም ይላል። ጠረጴዛው ቡና የሚፈላበት ከሆነ እህታችን ሊያስቡበት ይገባል።

ባለመላጊያው — ነሐሴ 6

ወንድሜ ርጭት ቤት እውነት ብሏል፤ ጥያቄው ማን ምን ይፈልጋል ነው። ዘይት በእንጨቱ ላይ የሚቆም ንጣፍ ስለሌለው ውሃን ብዙ አይከለክልም፤ ሙቀትንም አይመክትም። በሌላ በኩል የተነፋው ናይትሮ አንድ ቦታ ሲላጥ ያንን ቦታ ብቻ አድሶ መልኩን ማመሳሰል የባለሙያ ሥራ ይሆናል። ዘይት የተቀባውን ግን ባለቤቷ ራሷ በአንድ ጨርቅና በጥቂት ዘይት እቤቷ ታድሰዋለች። መጭመቂያ አየር፣ መርጫና ጭንብል በሌለበት የመኖሪያ ቤት ደግሞ ናይትሮ ለመንፋት መሞከር ለሳንባም ለጎረቤትም አይበጅም።

መካከለኛ መንገድ አለ፤ እኔ ለመመገቢያ ጠረጴዛ የምመርጠውም እሱን ነው። አንድ እጅ ቦይልድ የተልባ ዘይት፣ አንድ እጅ የዘይት ቫርኒሽ፣ አንድ እጅ አኳራጅ በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅሎ ልክ እንደ ዘይቱ በጨርቅ ይቀባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ቫርኒሹ ጥንካሬና ውሃ የመመከት አቅም ይሰጠዋል፣ ዘይቱ ቀለሙን ያሞቀዋል፣ አኳራጁ አቅጥኖ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቫርኒሹ በአኳራጅ የሚቀጥነው ዓይነት መሆን አለበት፤ በናይትሮ ቲነር የሚቀጥነው ከዘይት ጋር አይስማማም። ሲጠራጠሩ በትንሽ ብርጭቆ ቀላቅለው ይዩት፤ እንደተበጠሰ ወተት ከተቆራረጠ ይድፉት።

ከሥራው ወጣ ልበልና፣ እኔ ሙያውን ስማር ለጥሩ ዕቃ ሁሉ ጎማላካ፣ ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ፣ ነበር የምንጠቀመው። ቅርፊቱን በአልኮል አሟምተን፣ በጥጥ ላይ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ክብ ክብ እያደረግን ቀኑን ሙሉ ስናሽ እንውላለን። መስታወት ይመስላል፤ አንድ የአረቄ ጠብታ ሲነካው ግን ይሟሟል። የእህታችን የድሮ ቫርኒሽ ጎማላካ እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ የቀረ ቅሪት በእግሩ አካባቢ ካለ አልኮል በነካ ጥጥ ቢዳስሱት ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይታወቃል።

ከሜሪላንድ ጋራዥ — ነሐሴ 6

ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች «ዴኒሽ ኦይል» ተብሎ የሚሸጠው ባለመላጊያው ከገለጸው ድብልቅ ብዙም እንደማይርቅ ዕወቁ። ስሙ አንድ የታወቀ ቀመር ስለሌለው ግን እያንዳንዱ አምራች የየራሱን ያደርጋል። ከቻይና የመጣውን የተንግ ዘይት የምትፈልጉም ቆርቆሮውን በጥንቃቄ አንብቡ፤ ፊት ለፊቱ «ተንግ ኦይል ፊኒሽ» የሚል ብዙ ዕቃ ውስጡ የቀጠነ ቫርኒሽ ነው። እውነተኛው ዘይት ውሃን ከተልባ በተሻለ ይመክታል፤ ዋጋው ግን ወደድ ያለ ነው፣ ለመርጋትም ትዕግሥት ይጠይቃል።

የዋንዛ ልጅ — ነሐሴ 8

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ጆንያው በየመዳፉ ስፋት ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር እየያዘ ወጣ፤ የጋዜጣው ፊደላትም በሁለተኛው ዙር ጠፉ። ሁሉንም ጨርቅ በልብስ ገመድ ላይ አስጥቻለሁ፤ ጎረቤቴ ምን ዓይነት ልብስ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ዛሬ ጠረጴዛው አይጣበቅም። የእግሮቹ ውስጠኛ ክፍልም በአልኮል ለሰለሰ፤ እንደጠረጠሩት ጎማላካ ነው።

ድብልቁን ልጠቀም ወስኛለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። የጠረጴዛው ጫፎች፣ እንጨቱ በአግድም የተቆረጠባቸው ቦታዎች፣ ከሌላው በጣም ጠቁረዋል፤ ይህን ማስተካከል ይቻላል? ከሥርም መቀባት አለብኝ?

ባለመላጊያው — ነሐሴ 8

ጫፉ የሚጠቁረው እንጨቱ ውሃ የሚስብባቸው ቱቦዎች አፋቸው በዚያ ስለሚከፈት ነው፤ እንደ ገለባ ዘይቱን ይመጡታል። ፊቱን በቁጥር 220 የብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) ከጨረሱ ጫፉን እስከ 320 ወይም 400 ድረስ ያሹት፤ ሲለሰልስ መጠጣቱ ይቀንሳል። አሁን የጠጣውን ማውጣት ባይቻልም ከሚቀጥለው እጅ ጋር ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ሥሩን አንድ እጅ ብቻ ይቀቡት። ዘይት እርጥበትን ስለማያግድ ጠረጴዛውን ከመጣመም ያድነዋል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ንጽሕናና መልክ ግን ይሰጠዋል።

አሁን ወደ አቀባቡ። ፊቱን በቁጥር 120፣ ከዚያ 180፣ በመጨረሻ 220 የብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን ክር ተከትለው ይሹት፤ በአግድም የገባ አንድ ጭረት ዘይት ሲነካው በጉልህ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ ለማየት ማታ መብራት ያጥፉና የእጅ ባትሪ በጠረጴዛው ፊት ላይ አጋድመው ያብሩ፤ ጭረቱ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ሲያልቅ ፊቱን እርጥብ ጨርቅ ያስነኩትና ያድርቁት። የእንጨቱ ፀጉር ይቆማል፤ ያንን በ220 አንድ ጊዜ ቀለል አድርገው ይቁረጡት።

ከዚያ የታጠፈ ካናቴራ ላይ ድብልቁን አፍስሰው በክብ እንቅስቃሴ ያሹት። የመጀመሪያው እጅ ላይ አይሰስቱ፤ 15 ደቂቃ ያህል እየተመለከቱ፣ ደርቆ የፈዘዘ ቦታ ሲያዩ ይጨምሩበት። ጊዜው ሲሞላ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ይያዙና በክሩ አቅጣጫ ይጥረጉ፤ ጨርቁ እርጥብ ሲሆን ይቀይሩ፤ ሦስተኛው ጨርቅ ምንም ሳያነሣ የሚንሸራተት ከሆነ በቅቷል። ጠርጌ የጨረስኩትን ጠረጴዛ አዲስ ሰው ሲያየው ገና ያልተቀባ ይመስለዋል። አሁን ሄደው ቡናዎን ጠጥተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሱ። ዋንዛ ቀዳዳው ጎላ ያለ እንጨት ስለሆነ የዋጠውን ዘይት ቀስ እያለ ይተፋዋል፤ እንደ ላብ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል። ሳይረጋ ይጥረጉት፤ ካደረ ጠንካራ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ እሱን ማንሣት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

በዚህ ወቅት በየእጁ መካከል ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ፤ በየመካከሉም በ400 በእጅዎ ክብደት ብቻ ያሹት። ከሁለተኛው በኋላ ያሉት እጆች በጣም ስስ ይሁኑ። ሦስት አራት እጅ ይበቃል።

የዋንዛ ልጅ — መስከረም 5

እንኳን አደረሳችሁ። የመጨረሻውን አራተኛ እጅ ጳጉሜን 1 ጨረስኩ። ሁለተኛው እጅ ላይ ያሉትን ላብ በዐይኔ አየሁት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ በአንድ ሳንቃ ላይ ብቻ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ ብዙ ነጠብጣቦች ተሰልፈው ነበር። ጠረጴዛው አሁን ደብዘዝ ያለ ለስላሳ ብርሃን አለው። መስኮት አጠገብ ሲሆን ጠቆር ያሉት ጅማቶች ከታች እንዳሉ ሆነው ይታያሉ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ረከቦቱ ሥር ጨርቅ ብዘረጋም አንዱ እንግዳ እርጥብ ሲኒውን በባዶው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ ሲነሣ ፈዘዝ ያለ ክብ ቀረ። በ400 ላይ አንድ ጠብታ ድብልቅ ጨምሬ ክሩን ተከትዬ አሸሁትና ጠረግሁት፤ በማግስቱ ቦታውን ፈልጌ አጣሁት። አሁን የቀረኝ ግማሽ ብልቃጥ ድብልቅ ላዩ ላይ ቆዳ ጀምሯል። ልጣለው ወይስ ይቀመጣል?

ባለመላጊያው — መስከረም 5

እንኳን አብሮ አደረሰን። አምስት ቀን ገና ነበር እህቴ፤ ጣት አይይዝም ማለት ውስጡ ረግቷል ማለት አይደለም፣ ለዚያ አንድ ወር ይፈልጋል። እስከ መስከረም መጨረሻ ጀበናም እርጥብ ዕቃም ይራቀው።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ቆዳ ራሱ ደረቅ ዘይት ነው፤ በባዶው ቦታ ያለው አየር ነው የሠራው። በቢላ አንሥተው የቀረውን በነጠላ ካልሲ ያጥሉት። ከዚያ ልክ የሚሞላበት ትንሽ ጠርሙስ ካገኙ ይገልብጡት፤ ካላገኙ በደንብ ታጥበው ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን የዋሉ ጠጠሮች፣ ወይም የልጆች ብይ፣ ዘይቱ እስከ አፉ እስኪደርስ ድረስ ይጨምሩበትና ይክደኑት። ካልሲውንም ገመድ ላይ ያስጡት።

የዋንዛ ልጅ — መስከረም 6

ብይ ከወንድሜ ልጅ ተበድሬያለሁ፤ 23 ፈጅቷል። ካልሲውም ተሰጥቷል።